የአሮጌው ተሽከርካሪ ቤት ማቀዝቀዣ፤ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

አንድ መሣሪያ በተበላሸ ጊዜ የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይጠገን ወይስ ይለወጥ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ አለ፤ ይኸውም «ለምን ተበላሸ?» የሚለው ነው። ይህኛው ሳይመለስ በፊተኛው ላይ ቢፈረድ፥ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ሆኖ ያገኘነው፥ በአሜሪካ አገር የአሮጌ ተሽከርካሪ ቤቶች ባለቤቶች ዘወትር የሚከራከሩበት የአየር ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር ነው።

ተሽከርካሪ ቤት፥ አሜሪካኖች «ሞተርሆም» የሚሉት፥ አልጋ፥ ምድጃና መታጠቢያ በውስጡ የተሠራለት፥ ባለቤቱ ራሱ እየነዳ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወርበት ትልቅ መኪና ነው። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ፥ ጄኔራል ሞተርስ ከ1973 እስከ 1978 ድረስ የሠራው ጂ ኤም ሲ ሞተርሆም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ 23 ወይም 26 ጫማ ሲሆን፥ ከ12 ሺሕ የሚበልጡ ተሠርተዋል። የውጭ አካሉ ከአሉሚኒየምና ከፋይበርግላስ የተሠራ በመሆኑ ዝገት አያገኘውም፤ ስለዚህም ብዙዎቹ ከተሠሩ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ካለፋቸው በኋላም በመንገድ ላይ ይታያሉ። አካሉ ሳያረጅ የውስጥ ዕቃው አርጅቷል ማለት ነው።

የዚህ መኪና የፊት መስተዋት እጅግ ሰፊ ነው፤ ሞተሩም ከሾፌሩና ከጎኑ ከሚቀመጠው ሰው መካከል ከወለሉ ሥር ይገኛል። በበጋ ወራት የአሪዞናን በረሃ ለሚያቋርጥ መንገደኛ፥ ፀሐይ ከፊት፥ ሞተር ከሥር ይጠብሱታል። በጣራው ላይ በጄኔሬተር ኃይል የሚሠራ ሌላ ማቀዝቀዣ ቢኖርም፥ በጉዞ ላይ የሾፌሩን ስፍራ በቅርብ የሚያበርደው ከሞተሩ በቺንጋ ኃይል የሚያገኘው ማቀዝቀዣ ነው። ክርክሩም በዚህ በኋለኛው ኮምፕሬሰር ላይ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የሚያስቸግር ነገር የለም። ነርስ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርገው ቅዝቃዜ ይሰማናል፤ ፈሳሹ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳልና። የመኪናው ማቀዝቀዣም እንዲሁ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውና የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ባለው መረብ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭ አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሲስፋፋ እንደገና ወደ ጋዝ ይለወጥና የውስጡን ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንባቢያችን በልቡ እንዲይዘው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ጋዙ ሲያልቅ ዘይቱም ተመልሶ አይመጣም።

የዚያ ዘመን የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች የሚጠቀሙበት ኮምፕሬሰር «ኤ-6» የተባለው፥ ያን ጊዜ የኩባንያው ክፍል የነበረው ፍሪጂዴር ከ1962 ጀምሮ ያወጣው ነው። 15 ኪሎ ያህል የሚመዝን ጠንካራ መሣሪያ ሲሆን፥ በዘንጉ ላይ በሰያፍ የተተከለ ክብ ብረት ፒስተኖቹን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳቸዋል። ዋናው ድካሙ ዘንጉ ከአካሉ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ያለው፥ ጋዙንና ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት ሲደርቅ ጋዙ ቀስ በቀስ ይሾልካል። ተሽከርካሪ ቤት ደግሞ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚከርም ስለ ሆነ፥ ቀለበቱ ዘይት አጥቶ ይደርቃል። ዐዋቂዎች ማቀዝቀዣውን በየወሩ ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት ይገባል የሚሉትም ስለዚሁ ነው።

መሐንዲሶቹ ይህን አደጋ አስቀድመው አይተውት ነበር። በ1970ዎቹ በተሠሩ ብዙ የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ አንድ ትንሽ ፊውዝ ተደርጎ ነበር፤ ጋዙ ሲጎድል ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው እንፋሎት ከልክ በላይ ይሞቃል፤ በዚህ ጊዜ ፊውዙ ቀልጦ የኤሌክትሪኩን መስመር ይቆርጥና ኮምፕሬሰሩን ያስቆመዋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ፊውዙ ነው ያስቸገረን» ብሎ በሽቦ በቀጥታ ቢያገናኘው ማቀዝቀዣው እንደገና ይዞራል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ነገር ግን መሣሪያው ያለ ዘይት ይሠራና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ራሱን በልቶ ይጨርሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ከምርመራ በኋላ ይምጣ። ድምፅ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፑሌጃው ኩሽኔታ ነው፤ ይህም ጋዙ ሳይነካ ይለወጣል። በፊት ለፊቱ አቧራ የያዘ ዘይት ከታየ ደግሞ የሾለከው የዘንጉ ቀለበት ሊሆን ስለሚችል፥ ኮምፕሬሰሩን ጠግኖ ማስቀጠል ይቻላል። በዘይቱ ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ከተገኘ ግን ውስጡ ተበልቷልና መለወጥ ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አዲሱን ብቻ አስሮ መሄድ ከንቱ ነው፤ ፍርፋሪው በቱቦው ውስጥ ቀርቶ አዲሱንም ይገድለዋል። ቱቦዎቹ መታጠብ፥ እርጥበት የሚመጥጠው ማጣሪያም መለወጥ አለበት። ለምትኩ አንዳንዶች የታደሰ ኤ-6 ይመርጣሉ፤ ሌሎች ክብደቱ የአሮጌውን ግማሽ ያህል የሆነውን የጃፓኑን ሳንደን ልዩ ማሰሪያ አሠርተው ይተክላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የጋዙ ነገር ይመጣል፤ በዚህም የአንድ መኪና ጥገና የዓለም ጉዳይ ይሆናል። ቀድሞ ለማቀዝቀዣ ያገለግሉ የነበሩት አሞኒያና ሰልፈር ዳዮክሳይድ መርዛሞች ነበሩ። ስለዚህ በጄኔራል ሞተርስ ዘንድ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚድግሌይ ከባልደረቦቹ ጋር በ1928 አዲስ ዓይነት ጋዝ አገኘ፤ በ1930ም በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ውስጥ ስቦ በትንፋሹ ሻማ በማጥፋት፥ መርዝም እሳትም እንደሌለበት አሳየ። አር-12 የሚባለው የአሮጌዎቹ መኪናዎች ጋዝ የዚህ ቤተሰብ ነው። አሳቡ ሰውን ከመርዝ ማዳን ነበር። ይሁን እንጂ በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮላንድ የተባሉ ሊቃውንት፥ ይህ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያፈርስ ገለጹ። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሽፋኑ በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ክፉኛ መሳሳቱን አስታወቁ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ በ2009ም አገራችንን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት አባላት ሁሉ ያጸደቁት ሆነ።

በአሜሪካ የአር-12 ምርት በ1995 መጨረሻ ቆመ፤ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅም ከ1992 ጀምሮ በሕግ ተከለከለ። የመኪና ማቀዝቀዣ በክፍያ የሚጠግን ባለሙያ የምስክር ወረቀት ሊኖረውና አሮጌውን ጋዝ በመሣሪያ ሊሰበስብ ይገባዋል። ስለዚህ ብዙዎች ወደ አር-134ኤ ይዛወራሉ። ይህ ጋዝ ከአሮጌው የማዕድን ዘይት ጋር አይዋሐድም፤ በአሮጌ የጎማ ቱቦም ይሾልካል። በመሆኑም ዘይቱም ቱቦውም ይለወጣል፤ ሁለቱ ጋዞች እንዳይደባለቁ መሙያው በአዲስ ዓይነት ይተካል፤ በመኪናውም ላይ ምልክት ይለጠፋል። ከመሙላት በፊት ደግሞ አየሩ በፓምፕ ተስቦ ይወጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ እንደሚፈላ ተማሪዎቻችን ያውቃሉ፤ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ የመፍያው ልክም ይቀንሳልና። ፓምፑ ግፊቱን እጅግ ሲያሳንሰው በቱቦው ውስጥ የቀረው እርጥበት ያለ እሳት ፈልቶ ይወጣል።

አዲሱም ጋዝ ቢሆን ፍጹም አይደለም። ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳዮክሳይድ ከሺሕ እጥፍ በላይ ኃይል አለው፤ በ2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ የተደረሰበት ስምምነትም የዚህን ዓይነት ጋዞች ለመቀነስ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ጥረት ፍሬ አፍርቷል። በ2023 መጀመሪያ ይፋ የሆነው የሊቃውንት ግምገማ፥ አሁን ያለው ሥርዓት ከቀጠለ የአንታርክቲካው ሽፋን በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው እንደሚመለስ ገምቷል።

ይህ የሆነው ሚኒስትሮች በሞንትሪያል ስለ ፈረሙ ብቻ አይደለም። በዘይት የተነከረ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ፥ ማንም በማያየው ጋራዥ ውስጥ፥ ቱቦውን በመፍታት ጋዙን እንዲያው ከመልቀቅ ይልቅ መሰብሰቢያውን ስላገናኘም ነው። ሕግ የሚጸናው በእንዲህ ዓይነቱ እጅ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ መሣሪያ ግዥና ጥገና የምትወስኑ ወጣቶችም «ይለወጥ» የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ፥ ከመፈረማችሁ በፊት «አሮጌው ለምን ሞተ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ወረቀቱ ይቆይ፤ የፊተኛውን የገደለው ምክንያት አዲሱንም እየጠበቀው ነውና።