የፖቴዝ 25 የወረቀት ሞዴል

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው አውሮፕላን ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25 ነበር። ከጅቡቲ ያበረረውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነው። አውሮፕላኑ ድርብ ክንፍ ያለው ሲሆን የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ያጥራል። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር፣ የአውሮፕላኑ ርዝመት ደግሞ 9 ሜትር ገደማ ነው።

ሞዴሉ በ1፡50 ልኬት ሲሠራ ክንፉ 28፣ አካሉ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ልኬት ተመራጭ ነው፤ ረጅሙ ክንፍ ሳይቀጠል በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ይበቃል። የተቀጠለ ክንፍ ግን ውሎ አድሮ መሃሉ ላይ ይጎብጣል።

የሚታጠፈው መስመር ሁሉ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ ተደግፎ አስቀድሞ ይጫራል፤ አለዚያ ጠንካራው ወረቀት ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል። ክንፎቹ በእርሳስ ላይ ተጠቅልለው ጀርባቸው በስሱ ደገን እንዲል ይደረጋል። እውነተኛው አውሮፕላን ወደ ላይ የሚነሣበትን ኃይል እንዲያገኝ የሚረዳው ይኸው ቅርጽ ነው።

አካሉ፣ ጅራቱና የታችኛው ክንፍ በቀላሉ ይጣበቃሉ። ትዕግሥት የሚጠይቀው የላይኛውን ክንፍ መግጠም ነው። ክንፎቹን የሚያያይዙት ምሰሶዎች ከስቴኪኒ ይቆረጣሉ፤ የግራና የቀኙ ቁመት እኩል ካልሆነ ክንፉ ያዘነብላል። ስለዚህ የላይኛውን ክንፍ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝቶ አካሉን ገልብጦ ማጣበቅና ኮላው እስኪደርቅ አለመንካት ይበጃል። ጎማዎቹና ፕሮፔለሩ በመጨረሻ ይገጠማሉ።