መጠጥ ለማቆም አጋር ፈልጉ

«ዶክተር፣ ማቆሙንስ ላቁም፤ ግን ከሰው ተለይቼ የት ልዋል?» ከመርሳ ወልዲያ ድረስ ለሕክምና የሚመጡ ሰዎች ይሄን ይጠይቁኛል። እውነታቸውን ነው። ሰንበቴው ጠላ፣ ሠርጉ አረቄ።

መልሱ ሌላ ስብስብ ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ኅብረት በ1935 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሐኪም፣ ያውም የቀዶ ሕክምና ሐኪም! ክፍያ የለም፣ ሙሉ ስም አይጠየቅም። አንዱ «ትናንት ሊያሸንፈኝ ነበር» ይላል፣ ሌላው ያዳምጠዋል፣ በቃ።

ሀብሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቡድን ካጣችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያውን «ፈቃደኛ የሆነ፣ መጠጥ ያቆመ ሰው አገናኙኝ» በሉት። ሁለት ሰው፣ ቋሚ ቀን፣ አንድ ጀበና ቡና ይበቃል። ቅሬ ላይ ለሐዘን መሰብሰብ እናውቅበት የለ?

ግን ተጠንቀቁ፦ ጠዋት ሳትጠጡ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለጸበል ብላችሁም ቢሆን በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጣችሁ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ደግሞ ሊያቃዣችሁ ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል። መጀመሪያ ሆስፒታል ኑ፤ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣችኋል። ከዚያ ወደ ቡናው ትሄዳላችሁ።