ወፍ እንዳገሯ ትጮሃለች፤ የሚያስተምራት ብታጣስ?

«ወፍ እንዳገሯ ትጮሃለች» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። ብዙ ጊዜ የምንተርተው ስለ ሰው ነው። ግን ምን መሰላችሁ፣ ተረቱ ለወፎቹም ቃል በቃል እውነት ነው። ዛሬ የምናወራው የአገሩን ዜማ የሚያስተምረው አጥቶ የጎረቤቱን ስለሚዘፍን አንድ የአውስትራሊያ ወፍ ነው። ሲሰሙት ያስቃል፤ መጨረሻው ግን አያስቅም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አውራ ዶሮ «ኩኩሉ» ለማለት አስተማሪ አያስፈልገውም። ብቻውን ቢያድግም ጊዜው ሲደርስ ይጮኻል። በዓለም ላይ ካሉት የወፍ ዝርያዎች ግማሽ የሚሆኑት ዘማሪ ወፎች ግን እንደዚያ አይደሉም። ዜማቸውን ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ከትልልቆቹ ሰምተው ነው የሚማሩት።

ይሄ በምን ታወቀ? በ1950ዎቹ ዊልያም ቶርፕ የሚባል የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቻፊንች የሚባሉ ትንንሽ ወፎችን ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ከአዋቂ ወፍ ለይቶ አሳደገ። አድገው መዝፈን ጀመሩ፤ ግን የዘፈኑት ቅጥ የሌለው ነገር ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ፒተር ማርለር በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉ ድንቢጦችን ቀርፆ ሲያዳምጥ፣ ዝርያቸው አንድ ሆኖ ሳለ ከሰፈር ሰፈር ዘዬያቸው እንደሚለያይ አሳየ። የጎንደርና የወሎ አማርኛ እንደሚለየው በሉት።

ትምህርቱ ባጭሩ ሦስት ደረጃ አለው፦

1. መስማት፦ ጫጩቱ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ዜማውን በአእምሮው ይይዛል።
2. መንተባተብ፦ እንደ ሕፃን «ባባ፣ ታታ» እያለ ይሞክራል። የራሱን ድምፅ እየሰማ ከያዘው ዜማ ጋር ያስተያያል፣ ያርማል። ለዚህ ነው መስማት የማይችል ጫጩት ዜማውን ማስተካከል የሚያቅተው።
3. መጽናት፦ ዜማው ቅርፅ ይይዛል። ብዙ ዝርያዎች ላይ ከዚህ በኋላ በሩ ይዘጋል። ለምሳሌ ዜብራ ፊንች የሚባለው ወፍ ትምህርቱን የሚጨርሰው በ3 ወር ገደማ ነው። ያኔ የያዘውን ይዞ ዕድሜውን ይኖራል።

አሁን ወደ ወፋችን እንምጣ። ስሙ ሪጀንት ሃኒይተር ይባላል። ጥቁርና ቢጫ ላባ ያለው፣ በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የሚኖር ውብ ወፍ ነው። ዋና ምግቡ የባሕር ዛፍ አበባ የአበባ ማር ነው። አዎ፣ እኛ አገር በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ እዚያው አውስትራሊያ ነው። በፊት በመቶዎች ሆኖ በመንጋ ይበር ነበር። ደኑ ለእርሻና ለከብት ግጦሽ ሲመነጠር ግን ወፉም አብሮ አለቀ። አሁን በዱር የቀሩት ከ300 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ እነሱም ሰፊ አገር ላይ ተበታትነው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። አባትየው ጎጆ ውስጥ ጫጩት እያለ ብዙም አይዘፍንም። ስለዚህ ልጁ ከጎጆ ከወጣ በኋላ ሌላ አዋቂ ወንድ ፈልጎ ነው መማር ያለበት። ወፉ ብዙ በነበረበት ዘመን ይሄ ቀላል ነበር። አሁን ግን ጎረምሳው ወፍ ቢዞር ቢዞር የራሱን ወገን አያገኝም። መማሪያ ጊዜው ደግሞ አይጠብቀውም። ስለዚህ አጠገቡ ያገኘውን ይማራል።

ሮስ ክሬትስ የሚባል የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ2015 እስከ 2019 ድረስ የ146 ወንድ ወፎችን ዜማ አጠኑ። ከእነዚህ 18ቱ፣ ማለትም 12 በመቶ የሚሆኑት፣ የሚዘፍኑት የሌላ ዝርያ ዜማ ብቻ ነበር። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ ብዙ ሰው ተገረመ።

እዚህ ጋ «ታዲያ የሌላ ወፍ ድምፅ መቅዳት ጉብዝና አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ ላየርበርድ የሚባል ወፍ አለ፤ የብዙ ወፎችን ድምፅ ቁጭ አድርጎ ይቀዳል። ልዩነቱ ላየርበርድ የራሱም ዜማ አለው፤ የሌሎቹን የሚጨምረው በዚያ ላይ ነው። የእኛው ወፍ ግን የራሱን አያውቀውም። በውጭ ቋንቋ መራቀቅ አንድ ነገር ነው፤ አፍ መፍቻ ቋንቋ ማጣት ሌላ።

ዋጋውም ከባድ ነው። ወንዱ የሚዘፍነው ሴቷን ለመጥራት ነው። ጥናቱ እንዳሳየው የተለየ ዜማ የሚዘፍኑ ወንዶች ሴት የማግኘትና ጎጆ የመሥራት ዕድላቸው ዝቅተኛ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ቁጥራቸው ሲያንስ ዜማው ይጠፋል፣ ዜማው ሲጠፋ መዋለድ ይቀንሳል፣ መዋለድ ሲቀንስ ቁጥራቸው ይባስ ያንሳል።

መፍትሔ አለ? እየተሞከረ ነው። ሲድኒ ያለው ታሮንጋ የእንስሳት ማቆያ እነዚህን ወፎች አራብቶ ወደ ዱር ይለቃል። እዚያ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ግን የዱሩን ዜማ አያውቁትም ነበር። መጀመሪያ በድምፅ ማጫወቻ ተሞከረ። በኋላ ግን ከዱር የመጡ ሁለት አዋቂ ወንዶች አስተማሪ ሆነው ገቡ። በአንድ አስተማሪ ሥር ያሉት ተማሪዎች ቁጥር ሲቀንስ ደግሞ ትምህርቱ ይበልጥ ገባቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የዱሩን ዜማ የሚያውቁት ጫጩቶች ከዜሮ ወደ 42 በመቶ ደረሱ። የሚያሳዝነው፣ ይሄ ሲሠራ ሙሉው የድሮ ዜማ ከዱር ጠፋ፤ የቀረው አጠር ያለው ነው። አሁን ሙሉው ዜማ ያለው ማቆያው ውስጥ ባሉት ወፎች ጉሮሮ ነው።

ይሄ የወፍ ብቻ ታሪክ አይደለም። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ኦንጎታ የሚባል ቋንቋ አለ። ዛሬ የሚናገሩት ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ናቸው፤ ልጆቹ የጎረቤቶቻቸውን የጻማይን ቋንቋ ይዘው አድገዋል። ማንም አልከለከላቸውም፤ ዙሪያቸው የሰሙትን ነው የተማሩት።

ተረቱ ልክ ነው፤ ወፍ እንዳገሯ ትጮሃለች። ግን መጀመሪያ አጠገቧ የሚጮኽላት መኖር አለበት።

በእናንተ ቤት አያቶቻችሁ የሚናገሩት፣ እናንተ ግን የማትችሉት ቋንቋ ወይም ዜማ አለ? ኮመንት ላይ ጻፉልን። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ በስልካችሁ ቅረፁት።