የስመ ጥር ልብስ ሰፊዎች አሮጌ ልብሶች፤ አሰባሰባቸውና የዋጋ አወሳሰናቸው

«አሮጌ ልብስ» ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ቶሎ የሚመጣው በገበያ ተከምሮ በርካሽ የሚሸጠው ልባሽ ጨርቅ ነው። ነገር ግን በኤውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች አሮጌው ልብስ ከአዲሱ የሚበልጥ ዋጋ የሚያወጣበት፣ ገዢዎችም በሐራጅ የሚሻሙበት ሌላ ዐይነት ንግድ አለ። ይኸውም ስማቸው በታወቀ ልብስ ሰፊዎችና የሞድ ፈጣሪዎች ቤት የተሠሩ፣ ዘመን ያለፋቸው ልብሶች ንግድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልማዱ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ አንድ ልብስ የተባለው ዘመንና የተባለው ሰው ሥራ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ፣ ዋጋውስ በምን እንደሚወሰን ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። በመጨረሻም ስሙ ያልተጻፈለት ሠራተኛ በዚህ ሚዛን ላይ ምን ያህል ይመዝናል የሚለውን ጥያቄ እናነሣለን፤ ጥያቄው እኛንም የሚነካ ነውና። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

፩. የልማዱ አጀማመር

ነጋዴዎቹ እንዲህ ያለውን ልብስ «ቪንቴጅ» ይሉታል። ቃሉ በመጀመሪያ የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ቃል ሲሆን ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት የሚያመለክት ነበር። በልብስ ንግድ ባብዛኛው ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ቪንቴጅ ይባላል፤ መቶ ዓመት ያለፈው ደግሞ ጥንታዊ ይባላል። ይህ የነጋዴዎች ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ልብስ እንደ ሥዕል የሠሪውን ስም ይዞ እንዲወጣ ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው ቻርልስ ፍሬድሪክ ዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በ1858 ከባልንጀራው ከኦቶ ቦበርግ ጋር በፓሪስ የልብስ ቤት ከፈተ። ከዚያ በፊት በልማድ ደንበኛይቱ ጨርቁን ገዝታ፣ የምትፈልገውንም ዐይነት ተናግራ ታሰፋ ነበር። ዎርዝ ግን ራሱ አስቦ የሠራውን እያሳየ ደንበኞቹን ያስመርጥ ጀመር፤ ስሙንም በትንሽ ጨርቅ ላይ አጽፎ በልብሱ ውስጥ ሰፋው። እንግዲህ ዛሬ ሰብሳቢዎች መጀመሪያ ገልጠው የሚያዩት የስም ጨርቅ ከዚህ የመነጨ ነው።

ስም መኖሩ ብቻ ግን ልብስን ለቤተ መዘክር አያበቃውም። ሥዕልና ሐውልት በክብር ሲቀመጡ፣ ልብስ ሞዱ ሲያልፍ የሚጣል ወይም ለሠራተኛ የሚሰጥ ዕቃ ሆኖ ብዙ ዘመን ቈይቷል። ይህ አስተያየት ቀስ በቀስ ተለወጠ። በኒውዮርክ በ1937 የተቋቋመው የልብስ ጥበብ ቤተ መዘክር በ1946 ከታላቁ ከሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ጋር ተዋሐደ። በለንደንም ፎቶግራፍ አንሺው ሴሲል ቢተን ታዋቂ እመቤቶችን እየጠየቀ የሰበሰባቸው ልብሶች በ1971 በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታዩ። ሊቃውንት የሚያከብሩትን ዕቃ ነጋዴ መፈለጉ አይቀርምና፣ ከዚህ ወዲህ የግል ሰብሳቢዎችም ቍጥር በዛ።

፪. ዘመኑና ሠሪው በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምስክር የስም ጨርቁ ነው። ማድለን ቪዮኔ የተባለችው ፈረንሳዊት ሥራዋ እየተሰረቀ ስለ ተቀዳባት፣ በስም ጨርቋ ላይ የአውራ ጣቷን አሻራ ታትም ነበር፤ የእያንዳንዱንም ልብስ ፎቶግራፍ አስነሥታ ታስቀምጥ ነበር። በክርስቲያን ዲዮር ቤት ለደንበኛ በልክ በተሰፉ ልብሶች ላይ ደግሞ ከስሙ ጋር ወራቱና ዓመቱ፣ እንዲሁም የልብሱ ቍጥር ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ የስም ጨርቅ ከአንዱ ልብስ ተፈትቶ በሌላው ሊሰፋ የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ዐዋቂዎች ስሙን ካነበቡ በኋላ ልብሱን ገልብጠው ገበሩን፣ ስፌቱን፣ ቁልፉንና ዚፑን ይመረምራሉ። በ1954 ቤቷን እንደ ገና የከፈተችው ኮኮ ሻኔል ጃኬቱ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ በውስጥ በኩል በታችኛው ጠርዝ ላይ ቀጭን ሰንሰለት ታሰፋበት ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ከውጭ ስለማይታይ፣ ውጩን ብቻ አይቶ የሚቀዳ ሰው ይዘነጋዋል።

ዘመንን ለመለየት ደግሞ አንድ ቀላል ደንብ አለ፤ ልብሱ በላዩ ላይ ካለው የመጨረሻ ነገር በፊት ሊሠራ አይችልም። ጥቂት ምሳሌዎች እንስጥ።

ሀ) በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ጨርቅ እንዲቈጠብ ባወጣው ደንብ መሠረት የተሠሩ ልብሶች «ሲ ሲ 41» የሚል ምልክት አለባቸው። ምልክቱ ከ1941 እስከ 1952 የተሠራበት ነው።

ለ) በአሜሪካ በ1900 የተቋቋመው የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር አባሎቹ በሠሩት ልብስ ላይ የማኅበሩን ምልክት ያሰፋ ነበር። የምልክቱ መልክ በየጊዜው ስለ ተለዋወጠ እንደ ቀን መቍጠሪያ ያገለግላል፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለው ከ1974 ወዲህ ነው። ማኅበሩ በ1995 ከሌላ ማኅበር ጋር ስለ ተዋሐደ ምልክቱ ከዚያ አያልፍም።

ሐ) የአሜሪካ ደንብ ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲሰፋበት ያስገደደው ከ1972 ጀምሮ ነው።

መ) ዚፕ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ባብዛኛው የብረት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የናይለኑ እየተለመደ ሄደ።

እንግዲህ አንድ ሻጭ «ይህ ቀሚስ የ1947 ነው» ብሎ የናይለን ዚፕ ያለው ልብስ ቢያቀርብ፣ ወይ ልብሱ ሐሰተኛ ነው፤ ወይ ዚፑ ኋላ ተለውጧል። ሁለቱን ለመለየት በዚፑ ዙሪያ ያለውን ጨርቅ በማጉያ መነጽር ማየት ነው። የቀድሞው መርፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሁን ካለው ስፌት አጠገብ ቢገኙ ዚፑ ለመለወጡ ምስክር ይሆናሉ።

ከዚህ ሌላ የቅጂ ጕዳይ አለ። ዲዮር የካቲት 12 ቀን 1947 የመጀመሪያ ሥራዎቹን በፓሪስ ባሳየ ጊዜ፣ ጦርነቱ ካስለመደው ቍጠባ በኋላ ብዙ ጨርቅ የሚፈጀው ሰፊ ጉርድና ጠባብ ወገብ ዓለምን አስደነቀ፤ አንዳንዱንም አስቈጣ። የአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች ከፓሪስ ቤቶች ናሙና ከመቅጃ መብት ጋር እየገዙ በአገራቸው ያሰፉ ነበር። ኢቭ ሴን ሎሮን በ1965 ከሠዓሊው ከሞንድሪያን ሥራ አሳብ ወስዶ የሠራው ቀሚስ ደግሞ ወዲያው ያለ ፈቃድ በብዛት ተቀዳ። ስለዚህ ሦስት ዐይነት ልብስ ይገኛል፤ በራሱ በቤቱ የተሠራው፣ በፈቃድ የተቀዳውና ያለ ፈቃድ የተቀዳው። ሦስቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ዋጋቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

፫. ዋጋው በምን ይወሰናል?

ዋጋን ከሚወስኑት ነገሮች የመጀመሪያው ሠሪው ማን እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ልብሱ በሠሪው ሥራ ውስጥ ያለው ስፍራ ነው፤ የአንድ ታላቅ ሰው ሥራ ሁሉ እኩል አይደለምና አዲስ መንገድ የከፈተው ይበልጣል። ሦስተኛው ደኅንነቱ ነው። የብብት ላብ ያወየበው፣ ብል የበላው፣ እግሩ የተቈረጠ ወይም ወገቡ የጠበበ ልብስ ስሙ ቢኖረውም ዋጋው ይወርዳል። አራተኛው የአመጣጡ ታሪክ ነው፤ ማን ለበሰው? መቼ? በምን ይታወቃል? ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ያለው ልብስ ምስክር እንዳለው ሰው ይታመናል።

የአመጣጥ ታሪክ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። ኦድሪ ሄፕበርን በ1961 በወጣው «ብሬክፋስት አት ቲፈኒስ» ፊልም ከምትታወቅበት ጥቁር ቀሚስ ጋር ኹበርት ደ ዢቫንሺ ለፊልሙ የሠራው አንድ ቀሚስ በታኅሣሥ 2006 በለንደን በ467,200 ፓውንድ ተሸጠ። ገንዘቡ በሕንድ አገር ለድኾች መርጃ ውሏል። ይህች ተዋናይት በ1988 የዩኒሴፍ መልእክተኛ ሆና በድርቅ የተጐዳውን ወገናችንን ለመጐብኘት ወደ አገራችን የመጣችው ናት።

ሁለተኛው፣ ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ የልደት በዓል ስትዘፍን የለበሰችው ዣን ልዊ የነደፈው ቀሚስ ነው። በ1999 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2016 ደግሞ 4.8 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በሁለቱ ሽያጮች መካከል ጨርቁ አልጨመረም፤ ስፌቱም አልተሻለም። የጨመረው ሰዎች ለትዝታው የሚሰጡት ክብር ነው።

ይኸው ቀሚስ በግንቦት 2022 በአንዲት ታዋቂ ሴት ተለብሶ በኒውዮርክ ግብዣ ላይ ታየ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። ዓለም አቀፉ የቤተ መዘክሮች ማኅበር የታሪክ ልብስ በማንም ሰው መለበስ የለበትም ሲል መግለጫ አወጣ። ባለቤቱ በገንዘቡ በገዛው ዕቃ እንደ ወደደ ማድረግ ይችላል የሚሉ አሉ፤ ሕጉም በዚህ ይረዳቸዋል። በእኛ አስተያየት ግን ዋጋው የመጣው ከታሪኩ ከሆነ፣ ታሪኩን የሚያስረዳውን ጨርቅ ለአንድ ምሽት ደስታ ለአደጋ ማጋለጥ ዋጋውንም ራሱን መብላት ነው።

፬. ስለ አጠባበቅ

ልብስ ከሥዕል ይልቅ ቶሎ ይጠፋል። ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ቤተ መዘክሮች መብራቱን እስከ 50 ሉክስ ያወርዱታል። ብል ሱፍን ይበላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ነጋዴዎች ሐሩ እንዲከብድ በማዕድን ጨው ይነክሩት ስለ ነበረ፣ እንዲህ ያለው ሐር ዛሬ ሳይነካ እንኳ በራሱ ይሰነጠቃል። በሰያፍ የተቈረጠ የቪዮኔ ቀሚስ ወይም በዶቃ የከበደ የ1920ዎቹ ልብስ ቢሰቀል ክብደቱ ይስበዋል፤ በሣጥን ተዘርግቶ አሲድ በሌለበት ስስ ወረቀት መካከል ሊቀመጥ ይገባዋል። በቬኒስ የሠራው ማርያኖ ፎርቱኒ በ1909 መብት ያስመዘገበበት ሽንሽን የሐር ቀሚስ ደግሞ በተቃራኒው ተጠምዝዞ እንደ ክር ልቃቂት በትንሽ ክብ ሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ ሽንሽኑ እንዳይፈታ ነው። እንግዲህ ለሁሉ የሚሆን አንድ ደንብ የለም፤ የአሠራሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

፭. ስሙ ያልተጻፈለት ሠራተኛ

እስካሁን እንዳየነው የዚህ ንግድ መሠረት ስም ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንደሚባለው፣ የሞተው ሰፊ ስሙ በጨርቅ ላይ ስላለ ዛሬም ይከበራል። ስሙ ያልተጻፈለትስ?

ዣክሊን ቡቪዬ በመስከረም 1953 ጆን ኬኔዲን ስታገባ የለበሰችውን የሙሽራ ልብስ የሠራችው አን ሎ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ይህች ሴት በ1898 በአላባማ ከልብስ ሰፊዎች ቤተ ሰብ የተወለደች ናት። ሠርጉ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው በሥራ ቤቷ ውሃ ፈስሶ የሙሽራይቱንም የሚዜዎቹንም ልብስ አበላሸው። ከሠራተኞቿ ጋር ሌት ተቀን ሠርታ በጊዜው አደረሰች፤ ኪሳራውንም ለደንበኞቿ ሳትናገር ራሷ ቻለችው። ስለ ልብሱ በጊዜው የጻፉት አብዛኞቹ ጋዜጦች ግን ስሟን አላነሡም። ልብሱ በቦስተን በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። አን ሎ በ1981 ሞተች፤ ሥራዎቿ ብቻቸውን በሰፊው የታዩት በ2023 በአሜሪካ በዊንተርቱር ቤተ መዘክር ነው።

ልብሱ ያው ነው፤ ጥበቡም ያው ነው። የጐደለው አንድ ቃል ነበር፤ እርሱም ክብሯን ለሰባ ዓመት ያህል አዘገየው።

ነገሩን ወደ አገራችን ስንመልሰው ጥያቄው ይከብዳል። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ዕቃዎች መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል፤ በ2018 መቶ ኀምሳኛው ዓመት ሲታሰብ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ታይቶ ነበር። የባለቤቲቱ ስም ተነግሯል፤ እንዴት ከአገር እንደ ወጣም ይታወቃል። ፈትሉን የፈተለችው፣ ጥጡን የሸመነው፣ ሐሩን የጠለፈው ግን በጨርቁ ላይ ስም አልተዉም። ሸማኔያችንና ካባ ሰፊያችን በሥራው ላይ ስሙን የመጻፍ ልማድ አልነበረውምና።

ይህን ስንል ሥራው ሁሉ ማርክ ይሰፋበት ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ ማስረጃው ሳይጠፋ ይመዝገብ ነው። በየቤታችን ሣጥን የአያቶቻችን ካባና ጥልፍ ቀሚስ አለ። ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደየአውራጃቸው ሲሄዱ ማን እንደ ሸመነው፣ ማን እንደ ጠለፈው፣ የት አገር፣ በምን ዓመት፣ ለየትኛው በዓል እንደ ተሠራና ስንት እንደ ተከፈለበት ባለቤቶቹን ጠይቀው ቢጽፉና ጽሑፉን ከልብሱ ጋር ቢያስቀምጡ፣ ኋላ የሚመጣው ተማሪ በማጉያ መነጽር የመርፌ ቀዳዳ ከመፈለግ ይድናል። ጨርቁን ብል ቢበላው እንኳ የሠሪው ስም ይተርፋል።