ባሕር ማዶ ያለው ልጃችን በምን ይኖራል?

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ «ዲከረንስ» የሚለውን ግራር ተክሎ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦና አክስሎ በመሸጥ ልጆቹን አስተምሮበታል፤ ቤቱንም በቆርቆሮ ከድኖበታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በሽታ ዛፉን ስለ ጎዳው፥ በማሳው ላይ የነበረው የቤተሰብ ተስፋ ባሕር ተሻግሮ ልጅን ቢከተል የሚያስደንቅ አይሆንም።

በሕጋዊ መንገድ ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ደቡብ አውሮፓ፥ ይልቁንም ወደ ኢጣልያ ስለ ሄደ ልጅ ሲወራ፥ «እዚያ እንኳ ኑሮው ርካሽ ነው» ሲባል እንሰማለን። ከሰሜኑ የአውሮፓ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የኑሮ ርካሽነት የሚለካው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በሠራተኛው ደመወዝ ጭምር ነው፤ እዚያም ደመወዙ ከሰሜኑ ያነሰ ነው። ስለዚህ በጥቂት ገንዘብ መኖር የሚቻለው በአገሩ ርካሽነት ሳይሆን በሰውየው አኗኗር መሆኑን ለቤተሰቦች ልናመለክት ወደድን።

ወገኖቻችን በሮማ ከተማ በጥቂት ወጪ መኖርን ዛሬ አልጀመሩትም። በ16ኛው ምዕት ዓመት ከኢትዮጵያ የሄዱ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት በአንድነት ይቀመጡ ነበር፤ ቦታውም እስከ ዛሬ በሐበሾች ስም ይጠራል። አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት በዚያው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች በኢጣልያ ከተሞች በቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው፥ ወላጆቻቸውን ጦረዋል፤ ታናናሾቻቸውንም አስተምረዋል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ኑሮ ነው።

በስደት አገር ከሁሉ የሚከብደው ሸክም የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ ጠባዩ ከታወቀ ባልንጀራ ጋር ቤት መጋራት ይበጃል። ሆኖም መጋራት ማለት ያለ ውል መግባት አይደለም። በኢጣልያ የኪራይ ውል በ30 ቀን ውስጥ በግብር መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግም አከራዩ ከሦስት ወር ኪራይ የበለጠ መያዣ እንዳይቀበል ይከለክላል። ያለ ውል በርካሽ የተገኘ ክፍል፥ አከራዩ በከፋው ቀን ዕቃን ተሸክሞ ሜዳ ላይ መቅረትን ያስከትላል።

በምግብ ረገድ የእናቱን ማዕድ ያልረሳ ልጅ ይጠቀማል። ምስር፥ ሽምብራ፥ ባቄላና ጎመን በዚያ አገር ገበያ እንደ ልብ ይገኛሉ፤ የጾም ምግባችን ለነፍስ እንደሚበጅ ሁሉ ለኪስም ይበጃል። ጤፍ ግን በዚያ ውድ ስለሆነ፥ እንጀራን ከሌላ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ መጋገር የተለመደ ነው። እናቶች ሆይ፥ ስንቅ ስታሰናዱ ይህን አስቡ፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከውጭ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክል፥ የደከማችሁበት ቋንጣና ቅቤ በአውሮፕላን ማረፊያው ይወሰዳል። ሽሮና በርበሬ ይሻላል።

በቤት ሥራ የተቀጠረ ሰውም መብቱን ይወቅ። አሠሪው ቅጥሩን ለመንግሥት የጡረታ ድርጅት ማስታወቅ አለበት፤ ሠራተኛው በታኅሣሥ ወር ዐሥራ ሦስተኛ ደመወዝ ይገባዋል። በአሠሪው ቤት የሚያድር ከሆነ መኝታና ምግብ ስለሚያገኝ ኪራይ ይቀርለታል። ተማሪ የሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ዝቅተኛ ገቢ ያለው መሆኑን በማስረጃ ቢያሳይ፥ ክፍላተ ሀገሩ ለሚሰጡት የትምህርት ርዳታ ሊወዳደር ይችላል፤ ስለዚህ ወላጆች የገቢ ማስረጃውን በጊዜ አውጥተው መላክ አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ ልጅ በወር 1,000 ዩሮ ያገኛል እንበል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ገንዘብ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ሆኗል፤ አዲስ ቅዳም ላለው አባት ትልቅ ሀብት ይመስለዋል። ነገር ግን ልጁ የሚከፍለው በብር አይደለም። ለክፍል ኪራይ 400፥ ለምግብ 200፥ ለመብራትና ለማሞቂያ 80፥ ለመጓጓዣና ለስልክ 70 ዩሮ ቢያወጣ፥ የሚቀረው 250 ነው። ከዚህም ላይ ልብስ አለ፤ መድኃኒት አለ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ አለ፤ ሥራ ሲጠፋም የሚበላው መጠባበቂያ አለ። በዚህ ላይ ከአገር ቤት በየወሩ የ300 ዩሮ ጥያቄ ቢመጣ፥ እምቢ ለማለት ያፈረ ልጅ ተበድሮ ይልካል፤ ወይም እራቱን ትቶ ይልካል። ወላጅም ይህን ሳያውቅ ይመርቀዋል።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ልጁ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ፥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም እንደማይጠየቅ፥ ከዚያም በኋላ ከተረፈው ላይ ብቻ እንደሚልክ ይስማማ። ልጁም ገቢውንና ወጪውን ሳይደብቅ ለወላጆቹ ይንገር፤ የድህነቱን ልክ መናገር ነውር አይደለም። ማሳውን ለደቦና ለወንፈል ሰው ሲጠራ የኖረ ቤተሰብ፥ አንድ ጉልበት ብቻውን የት እንደሚደርስ ያውቃል።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ስልኩ በጮኸ ጊዜ «ስንት ላክህልን?» ከማለታችሁ በፊት፥ «የቤት ኪራይህን ከፈልህ ወይ? እራትህንስ በላህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የተጠየቀ ልጅ እውነቱን ይናገራል፤ እውነቱን የተናገረ ልጅም በጥቂቱ መኖር አያቅተውም።