በሩን ለሕዝብ የዘጋው የመኪና ትርዒት

ሴማ በመባል የሚታወቀው የላስ ቬጋሱ ዓመታዊ የመኪና ዕቃዎች ትርዒት የተጀመረው በስታዲየም መቀመጫዎች ሥር ነው። የእሽቅድምድም መኪና ዕቃ አምራቾች በ1963 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው፣ በጃንዋሪ 1967 በሎስ አንጀለስ ዶጀር ስታዲየም 98 መደቦች ያሉትን የመጀመሪያ ትርዒት ከፈቱ።

ጊዜው ግን ለዘርፉ አስጊ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1966 የመኪና ደኅንነት፣ በ1970 ደግሞ የአየር ብክለት ሕግ አወጣ። «ፍጥነት» የሚለው ቃል በባለሥልጣናት ዘንድ ስላልተወደደ ማኅበሩ ከስሙ አውጥቶ «ልዩ ዕቃዎች» በሚል ተካው። በእንግሊዝኛ ሁለቱም በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ምህጻሩ አልተነካም፤ ንግዱም እንዲሁ!

ትርዒቱ በ1977 ላስ ቬጋስ ገባ። ትልቁ ብልሃቱ በሩን ለተራ ተመልካች መዝጋቱ ነው። ነጋዴነቱን በማስረጃ ያላረጋገጠ ስለማይገባ፣ አምራቹ መደቡ ላይ የሚያገኘው ትእዛዝ የሚሰጥ ገዢ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ለመጨረሻው ቀን፣ ለዓርብ፣ የተወሰነ ትኬት ለተመልካች መሸጥ ተጀምሯል።