የቆየ ሃይሉክስ ለደቡብ ኦሞ መንገድ፦ ጎማ፣ ማርሽ፣ ከዚያ ከፍታ

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ፒክአፕ ቶሎ ጡረታ አይወጣም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሃይሉክስ ዛሬም ከጂንካ እህል ጭኖ ወደ ሃና ይወርዳል፤ ከዲመካ ገበያ ማርና ፍየል ይዞ ይመለሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና አሻሽሎ መያዝ የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። ብዙ ባለመኪና ማሻሻል ሲባል ቀድሞ የሚታየው መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። ሥራው ግን ከጎማ ቢጀምር፣ በማርሽ ቢቀጥልና በከፍታ ቢያበቃ ይሻላል።

መጀመሪያ መኪናውን መለየት ያስፈልጋል። ሃይሉክስ ወደ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን ፎር ዊል የሆነው በ1979 ነው። በአገራችን የሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለፎር ዊል ሃይሉክስ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው፤ የፊት ዲፈረንሻሉም ግራና ቀኙን ጎማ በአንድ ድፍን አክስል ያያይዛል። እ.ኤ.አ. ከ1997 በኋላ በመጣው ትውልድ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻቸው ይወርዳሉ ይወጣሉ፤ ክብደቱንም ቶርሽን ባር የሚባል የሚጠማዘዝ ዘንግ ይሸከማል። በላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ ደግሞ የፊት ባሌስትራው እ.ኤ.አ. በ1999 በጥቅልል ሞላ ተተክቷል። የትኛው እንዳለን ሳናውቅ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ጎማ የሚቀድምበት ምክንያት ቀላል ነው። ድፍን አክስል ባለው መኪና ድንጋይ የሚመታው ዝቅተኛው አካል ዲፈረንሻሉ ነው። ባሌስትራ ሲጨመር ቦዲውና ሻንሲው ከፍ ይላሉ፤ ዲፈረንሻሉ ግን ከጎማው መሐል ንቅንቅ አይልም። ከፍ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ እግርን አያስረዝምም። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ቁመቱ የጨመረ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም የጭማሪውን ግማሽ ያህል። 205አር16 የሚባለው የሃይሉክስ ጎማ ቁመቱ 735 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ላንድክሩዘር የሚጠቀምበት 7.50አር16 ደግሞ 806 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 71 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዲፈረንሻሉ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

የጎማውን ዓይነት የሚወስነው መንገዱ ነው። ከኮንሶ በወይጦ በኩል ወደ ጂንካ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ አብዛኛው ኪሎ ሜትር የሚያልቀው በጠንካራ መሬት ላይ ነው። ጥርሱ እጅግ ትልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ እዚያ ይጮሃል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል። ከጂንካ ወደ ማጎ ፓርክ ሲወረድ ግን ኮረኮንቹና ጥቁሩ ኮትቻ አፈር ይመጣሉ። ቱርሚ አካባቢ ደግሞ የቀስቄ ወንዝ አሸዋ አለ። በመካከሉ ሁሉ የግራር እሾህ ነው። ለዚህ ድብልቅ የሚስማማው መካከለኛ ጥርስ ያለው፣ ጎኑ ወፍራም የሆነና ለጭነት የተሠራ ጎማ ነው። በቀጭን ጭቃ ላይ ጠባብ ጎማ ሰርስሮ ደረቁን መሬት ይይዛል። አሸዋ ላይ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ መርገጫ ስለሆነ ነፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ ዝቅ ማድረግ ይበጃል፤ አሸዋውን እንዳለፉ መልሶ መሙላት ግን ግድ ነው። ዝናብ የጠገበ ኮትቻ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ፓራፋንጎ ሥር ሲጠቀጠቅ ማንኛውም ጎማ ልሙጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አፈሩ እስኪጠነክር መጠበቅ ነው የሚያዋጣው።

ጥገናና ተተኪም ይታሰብ። ካላማዳሪ ያለውን 7.50አር16 ጎሚስታው በክሪክና በብረት ፈልቅቆ መንገድ ዳር ይለጥፈዋል። ከውጭ የመጣ ብርቅ ቁጥር ያለው ጎማ ግን ጎኑ በእሾህ ከተቀደደ ተተኪው አርባ ምንጭ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ያ ቁጥር ጂንካ ውስጥ መገኘቱን መጠየቅ ይገባል።

ትልቅ ጎማ የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል። ዲፈረንሻል 4.10 ነው ማለት ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ቁመት ከ735 ወደ 806 ሲያድግ ጭማሪው ከመቶ አሥር ያህል ስለሆነ መኪናው ጉልበቱን ያጣል፤ የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 88 ገደማ ነው። 4.10ን በ1.10 ብናበዛ 4.5 ገደማ ይመጣል፤ ከፋብሪካ ጥርሶች የሚቀርበውም 4.56 ነው። ቱርቦ የሌለው ባለ2.8 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ ይህን ካላገኘ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ያቃስታል፤ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ያልቃል። ቁልቁለቱ ይብሳል። ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ጂንካ ወደ 500 ሜትር ገደማ ወዳለው የማጎ ሜዳ ሲወረድ መኪናውን የሚይዘው በዝቅተኛ ማርሽ ያለው ሞተር ነው። ያ መያዣ ሲላላ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ያለዎትን ቁጥር ለማወቅ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስተው አንድ ዙር አብረው ማዞርና ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር ነው። ያገለገለ ዲፈረንሻል ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚገዛ ሰው የፊትና የኋላውን ባንድ ቁጥር ይግዛ። ቁጥራቸው የተለያየ ከሆነ ፎር ዊል በገባ ቁጥር ሁለቱ እርስ በርስ እየተጓተቱ ጥርስ ይሰብራሉ።

ከፍታ የሚመጣው አሁን ነው፤ ልኩም አዲሱ ጎማ ፓራፋንጎውን ሳይነካ እንዲዞር የሚያስፈልገው ያህል ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በባሌስትራ መኪና ላይ ተገቢው መንገድ ለጭነቱ የተሠራ አዲስ ባሌስትራና ርዝመቱ የሚመጥን አሞርዛተር ማስገባት ነው። ከፊት ባሌስትራ ሥር ብረት መደገፍ አደገኛ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ሊጠማዘዝ ይችላል። የቶርሽን ባር መኪና ቡሎኑን በማጥበቅ ከፍ ይላል፤ ከ3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን የፊት መዞሪያ ዘንጎች ማዕዘን ከልክ አልፎ የመገጣጠሚያቸው ጎማ ይቀደዳል፣ አቧራ ገብቶም ይበላቸዋል።

ከፍታው ሌሎች ነገሮችንም ይነካል። የፍሬን ቱቦዎች ሊያጥሩ ይችላሉ። የትራንስሚሽን ዘንጉ ማዕዘን ሲቀየር ክሮቸራው ይንቀጠቀጣል። በብዙ ሃይሉክስ ላይ የኋላ ፍሬንን ኃይል የሚመጥን፣ ከአክስሉ በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። የኋላው ከፍ ሲል ይህ ቫልቭ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንደገና መስተካከል አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ክብደት ከፍ ብሎ ሲቀመጥ መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል፤ ከስፖንዳ በላይ ጆንያ ለሚጭን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ አራት ጥሩ የጭነት ጎማዎችና ለተለመደው ቁመት የሚሆን አሞርዛተር ይቅደሙ። ቱርሚ፣ ኦሞራቴና ሃና ለሚመላለስ አብዛኛው ሃይሉክስ ያ ብቻ ይበቃዋል። ቁመቱ የጨመረ ጎማ የሚገዛ ሰው ግን የዲፈረንሻሉን ዋጋ ከጎማው ጋር አብሮ ደምሮ ይነሣ።